አኽናሹን ወፍጮ ቤት

እህቴ ሙርዲና ዕድሜ ልኳን የመንደራችንን አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከቫዮሊኗ አትለይም። ከሁሉ አብልጣ የምትጫወተው «አኽናሹን ወፍጮ ቤት» የሚባለውን የጭፈራ ዜማ ነው። በስኮትላንድ ደጋ ይህን ዜማ የማያውቅ ቫዮሊን ተጫዋች የለም። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ እዚሁ እኛ መንደር፣ ወንዙ ዳር ነው።

ሐምሌ ላይ ሁለት የኖርዌይ ሙዚቀኞች ቤቱን ለማየት ብለው መጡ። በሩ ድረስ ደርሰው ሳያውቁት ተመለሱ። ቤቱን የገዛው ኒጄል የሚባል የለንደን ሰው ስሙ ያለበትን የድሮውን ሰሌዳ ነቅሎ «ጸጥታ ቤት» የሚል ለጥፎበት ነበር።

ሙርዲና ይህን ሱቅ ውስጥ ስትሰማ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ጸጥታ ነው የፈለገው? ቆይ፣ ጸጥታ አሳየዋለሁ!»

እሑድ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ትይዩ ባለው የአውቶቡስ መጠለያ ተቀምጣ ያንኑ ዜማ ትጫወት ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት አላቆመችም። በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያም በየሳምንቱ። እኔ ሻይ በፔርሙስ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ኒጄል ፖሊስ ጠራ። የመጣው ዱጋልድ ነው፤ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያመላለሰችው እሷ ነች።

«እትዬ ሙርዲና፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አውቶቡስ እየጠበቅኩ።»

«እሑድ አውቶቡስ የለም እኮ!»

«ታዲያ ለዚህ አይደል የቆየብኝ!»

ዱጋልድ ሳቁን እንደምንም አፍኖ፣ ኒጄልን «መጠለያው የሕዝብ ነው፣ ጌታዬ» ብሎት ሄደ።

ኅዳር ላይ ብርዱ ጠና። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

«ተይው በቃ፣ ሳንባ ምች ሊገድልሽ ነው» አልኳት።

«አንቺ ከበረደሽ ቤትሽ ግቢ!»

የዚያኑ ዕለት ኒጄል ጸጉሩ እንደተንጨባረረ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«እሜቴ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ስሙን ይመልሱ።»

አንገቱን ደፋ። «ልጠራው አልቻልኩም» አለ። «ማገዶ በስልክ አዝዤ የቤቱን ስም በተናገርኩ ቁጥር ሻጩ ይስቅብኛል። አንድ ቀንማ ጓደኞቹ እንዲሰሙ ብሎ ደጋግሞ አስባለኝ።»

ሙርዲና የቫዮሊኑን ቀስት ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ለዚህ አልተዘጋጀችም። ማገዶ ሻጩ የአጎታችን ልጅ ነው።

«እስቲ ይበሉት» አለችው ለስለስ ብላ።

«አክ... ናሾን።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ገላመጠችኝ።

«‹ክ› አይደለም፣ ‹ኸ› ነው። ጉሮሮዎን እንደሚጠርጉ ያድርጉት። ደግሞ ድምፁ መጨረሻው ላይ ነው ጠንከር የሚለው። ዜማውም እንደዚሁ ነው፣ ይስሙ» ብላ የዜማውን መነሻ ተጫወተችለት።

ጆሮው እስኪቀላ ሞከረ። ሻዩ ሲያልቅ፣ «አኽናሹን» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ሙርዲና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

በሳምንቱ «አኽናሹን ወፍጮ ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የጻፈው ኒጄል ራሱ ነው። ሙርዲና መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ፊደሉ ጠማማ ነው» አለች። «ግን ይነበባል።»

ከዚያ ቫዮሊኗን ለእኔ አስይዛ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች ወደ ማገዶ ሻጩ ቤት አቀናች።