የአስማ መርፌ

ትርንጎ ልጇን ዘነበችን አዝላ ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር ስትሮጥ፣ ሐሳቧ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሽ እንዳይቋረጥ ነበር። ጠበሉም የቅጠል ጭሱም አልበጃት። የቀረው የጣልያኑ ሐኪም ነው። ወይ ጉድ! ወንድሟን የገደሉባትን ሰዎች ደጅ ልትጠና! ግን እናት ምን ታድርግ?

ሐኪሙ የልጅቷን ደረት አዳመጠና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የልጅቷ ክታብ የተንጠለጠለበት ደረቷ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «አስማ! አስማ!» አለ።

ትርንጎ ክው አለች። አስማት ነው ያላት! ጣልያኖች ደብተራና ጠንቋይ እየለቀሙ ሲረሽኑ ያልሰማ ማን አለ? ክታቡን በጥሳ ጉያዋ ሸጎጠችው።

«ኧረ በማርያም! አስማት የሚባል ቤታችን አልገባም!»

ሐኪሙ መርፌ ይዞ መጣ። በቃ፣ ሊገድላት ነው። ልጇን ከኋላዋ ሸሽጋ የራሷን ክንድ ዘረጋች። «እኔን ይውጉኝ ጌታዬ! ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን ታውቃለች!»

በሩ ላይ የቆመው አስተርጓሚ፣ ጨርቅ ነጋዴው አብዱ፣ ተንደርድሮ ገባ። «እህቴ፣ አበድሽ እንዴ? አስማ ማለት በነሱ አፍ ይኸ የትንፋሽ በሽታ ነው! አስማት ማን አለሽ? ልቀቂያት፣ ልጂቱ እያለቀች ነው!»

እውነቱን ይሆን? ለጣልያን አድሮስ ቢሆን? ዞር ብላ አየች። የዘነበች ከንፈር ጠቁሯል። ዓይኗን ጨፍና የልጇን ክንድ ሰጠች።

መርፌው ሲገባ ልጅቷ ተንቀጠቀጠች፤ ልቧ እንደ ከበሮ ደለቀ። «ገደልኳት!» ብላ ትርንጎ ጮኸች። ቆየት ብሎ ግን ሲር ሲር ማለቱ ረገበ፤ ዘነበች ረጅም ትንፋሽ ስባ ማልቀስ ጀመረች። እሰይ! የእናቲቱ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«አይዞሽ ብሏል» አለ አብዱ። «ግን መርፌው ለጊዜው ነው፤ በሽታው ይመለሳል። ሲነሳባት ፈጥነሽ አምጫት። ይኸ መድኃኒት እዚህ አገር ከሱ በቀር ማንም ዘንድ የለም።»

በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠላትን ከአገራችን ያውጣልን» አሉ። ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። የትርንጎ አፍ አልከፈት አላት። ጎረቤቷ የሺ ገልመጥ አደረገቻት፤ ትርንጎ መሬት መሬት አየች።

ዘነበች ግን አጠገቧ ቆማ፣ በሙሉ ትንፋሿ «አሜን!» አለች።