ለጠራድ የተገጠመ ፍሬን

ሙፍሊህ ጠራድን ይቅር ካለው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ይቅር ያለው ግን እሱ አይደለም፤ አጎቱ ሸህ ነውፋን ናቸው። የጠራድ ጎሳ ሽማግሌዎች ካባቸውን ደርበው ግቢውን ሲሞሉት፣ አጎቱ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ "ስለ ፊታችሁ ክብር ስንል ትተነዋል" አሉ። ሙፍሊህ አፉን የከፈተው ለመናገር ነበር። ሲዘጋው ጉዳዩ አልቋል።

የተተወው ነገር የእናቱ የሐምዳ ዳሌ ነው። ሙፍሊህ በአሮጌ ማርቼዲሱ ከከረክ ከተማ ቁልቁል ወደ ጎር ሸለቆ ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። ያን ቀን እናቱን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ጠራድ በፒክአፑ ከኋላ መጥቶ ተለጠፈበት። ክላክሱን አንጫረረ፣ መብራት አብለጨለጨ፣ ሙፍሊህ የሚያሳልፍበት ቦታ ሲያጣ ገጨውና ቦይ ውስጥ ከተተው። ሐምዳ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አትራመድም። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት ቃል ደግሞ አጭር ነበር፤ "ልጃችን ምን ያድርግ፣ ፍሬን እምቢ አለው።" ከረክ በሙሉ አመነ። ፍሬን እምቢ ያለው ሰው "እንኳን አተረፈህ" ይባላል እንጂ አይወቀስም። ጠራድም ተባለ።

"ዞሬ አይቼዋለሁ እኮ" ትላለች ሐምዳ፣ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። "ይስቅ ነበር። ፍሬን እምቢ ያለው ሰው ይስቃል?"

"አይስቅም፣ እማ።"

"ይቅር ብለሃል አሉ ግን።"

"አጎቴ ናቸው ያሉት።"

"ምን ቸገራቸው፣ የእሳቸው ዳሌ ደህና ነው።"

አንዴ ዕርቅ ከወረደ በኋላ እጁን የሚያነሣ ሰው፣ ዋስ የቆመውን ሽማግሌ ፊት ቆረጠ፣ አዋረደ ይባላል፤ መጀመሪያ የሚያሳድደው የገዛ ጎሳው ነው። ስለዚህ ሙፍሊህ ጠራድን መንካት አይችልም። ጠራድ ሙፍሊህን ቢነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ከኋላ መጥቶ የገጨ ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ አገር ሸሁና ትራፊክ ፖሊሱ የሚስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነው። ጠራድ እንደሆነ ጠባዩን አልለወጠም፤ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየገፋ ነው የሚወርደው። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ቢል ሕፃን ልጅም አያምነው። እንግዲህ ለሙፍሊህ የጎደለው ከኋላው ካለው መኪና ቀድማ ቀጥ ብላ የምትቆም መኪና ናት።

አዲስ ዕቃ በአቅሙ አይደለም። ስለዚህ ዘርቃ ከተማ ዳር ወዳለው የውድቅዳቂ መኪና ግቢ ወረደ። የግቢው ባለቤት አቡ ሰዊለም፣ የሙፍሊህን መኪና ታላቅ እኅት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሯን ማርቼዲስ አሳየው።

"ከኋላ ነው የተመታችው" አለ። "ፊቷ ድንግል ነው።"

ሙፍሊህ የፊቱን የፍሬን ዲስኮች አወጣ፤ ወፍራም፣ በመሃላቸው ነፋስ የሚያልፍባቸው ናቸው። ዲስኩን የሚጨብጡትን ካሊፐሮች ፈታ። ዘይቱን የሚገፋውን ፍሬን ማስተርም ነቀለ። ዲስኩ በእሱ ቸርኬ ውስጥ ስለማይገባ ቸርኬዎቹንም ከነጎማቸው ጨመረ።

"ይሄኛው ዲስክ የተሰነጠቀ መሰለኝ፣ አቡ ሰዊለም።"

"የተሰነጠቀው ዓይንህ ነው!" አቡ ሰዊለም ዲስኩን በገመድ አንጠለጠለና በመፍቻ መታው። እንደ ደወል ጮኸ። "የተሰነጠቀ ነገር እንዲህ ይዘፍናል? ይልቅ ንገረኝ፣ ያቺ አሮጊት መኪናህ ይሄ ሁሉ ፍሬን ምን ያደርግላታል? እሷ እኮ ነፋስም ያቆማታል።"

"ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው ነው።"

"ለሌላ ሰው ብሎ ፍሬን የሚገዛ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። አላህ ይባርክህ" አለና፣ ከልቡ ስለተነካ ዋጋውን ትንሽ ቀነሰለት። የቀረውን ሙፍሊህ እናቱ ባደረቀችው የፍየል እርጎ አሟላ።

ቤቱ ግቢ ውስጥ መኪናውን በድንጋይና በክሪክ አንሥቶ ራሱ ገጠመው። የደረቀውን የካሊፐር ጎሚኒ በአዲስ ለወጠ፤ አዲስ የገዛው እሱንና የፍሬን ሸራውን ብቻ ነው። አየሩን ከቱቦው ለማስወጣት ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ሲፈልግ፣ ሐምዳ መጥታ መሪው ኋላ ተቀመጠች። እግሯ አልታዘዝ ሲላት በከዘራዋ ጫፍ ተጫነችው።

"ያዢ… ልቀቂ። እንደገና።"

"እስከ መቼ ነው የምረግጠው?"

"እስኪወጣ ድረስ።"

"የጠራድ ነፍስ?"

"አየሩ፣ እማ። አየሩ።"

"እሱም ይውጣ" ብላ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነች። የፍሬኑ ዘይት ፈንጥቆ የሙፍሊህን ሸሚዝ አጠበው።

ሜዳ ላይ ሲሞክረው ግንባሩ መስታወቱን ሊስም ምንም አልቀረው። የኋላውን የፍሬን መብራት አምፖልም ለወጠ፤ ጠራድ የሚያቀርበው ሰበብ እንዳያገኝ። ከዚያ በየቀኑ፣ ተሳፋሪ ሳይዝ፣ ጠራድ በሚወርድበት ሰዓት ቁልቁለቱን ይጠብቀው ጀመር። ሌሎች ሾፌሮች ከኋላው ይለጠፋሉ፣ ይሳደባሉ። ሙፍሊህ ግን ፍሬኑን ለማንም አላባከነም፤ ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል።

አንድ ረፋድ ላይ ጠራድ መጣ። የማዳበሪያ ጆንያ ከአቅም በላይ ቆልሏል። ክላክሱ ከሩቅ ይጮኻል፤ መብራቱ ይብለጨለጫል።

"እንኳን ደህና መጣህ፣ የሰው ልጅ" አለ ሙፍሊህ፣ እግሩን ወደ ፔዳሉ እያስጠጋ። ፊቱን ለማየት ወደ መስታወቱ ቀና አለ።

ጠራድ አይስቅም። አፉ እንደ ጉድጓድ ተከፍቷል። አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልባል። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ።

ፍሬን እምቢ ብሎታል። የእውነቱን።

ከፊታቸው ትልቁ መታጠፊያ ነው፤ ከማዶው ገደል እንጂ መከለያ የለም። በስተቀኝ ለአንድ መኪና የሚበቃ ጠጠራማ ቦታ አለ። መሪውን ትንሽ ቢያዞር ጠራድ በጎኑ ያልፋል፤ ጉዳዩም ያልቃል። ማንም "ለምን አሳለፍከው?" አይለውም። ጠራድ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ በክላክሱ "አሳልፈኝ" ሲል የኖረ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ለቅሶው ታየው። ከረክ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ "ምስኪን፣ ያኔም ፍሬን እምቢ ብሎት ነበር፤ በመጨረሻ በላው" ሲል ሰማ። ውሸቱ ከጠራድ ጋር ተገንዞ፣ ተሰግዶበት፣ እውነት ሆኖ ሊቀበር ነው።

"እንዲህማ አትሞትም!" አለ ሙፍሊህ።

መንገዱን አልለቀቀም። ፍጥነቱን ከፒክአፑ ጋር እስኪያመሳስል መኪናዋን ለቀቃት፤ ፒክአፑ የኋላ መከላከያዋን ሲነካ ጓ አለ፤ ያኔ ረገጠ። የማርቼዲሷ አፍንጫ መሬት ሊልስ ጎነበሰ። ከኋላ የማዳበሪያው ክብደት ሁሉ ይገፋል፤ የፒክአፑ ኮፈን ይጨማደዳል፤ ጎማው ይጮኻል። ፔዳሉ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቆየ። ሁለቱ መኪኖች ተጣብቀው፣ እየተንሸራተቱ፣ መታጠፊያው አፍ ላይ ቆሙ።

ጠራድ ወርዶ የሙፍሊህን ግንባር ሳመ።

"ወንድሜ! የአባቴ ልጅ! ይህን ፍሬን ማን አስገጠመህ?"

"አንተ ነሃ።"

ጠራድ ይህን ሰምቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከኋላ የቆሙት ሾፌሮች እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይተን አናውቅም ተባባሉ። የትራፊክ ፖሊሱ መጣ፤ ከኋላ የገጨው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሙፍሊህን እጅ ጨበጠ። በማግስቱ የጠራድ ዘመዶች ለባለ ውለታ እንደሚደረገው በየመኪናቸው ነጭ ባንዲራ ሰቅለው፣ የሙፍሊህን ስም እየጠሩ ከተማውን ዞሩ።

"ስለዚህ አዳንከው" አለች ሐምዳ፣ ባንዲራውን በመስኮት እያየች።

"አዳንኩት።"

"እኔ ስረግጥ የዋልኩት ለዚህ ነው?"

"አልጨረስኩም፣ እማ። ድንኳን ጥለው ጠርተውናል።"

"ጥቁር ቀሚሴን አምጣልኝ" አለች እናትየው።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ለሙፍሊህ ከሸህ ዳምን፣ ከጠራድ ጎሳ አለቃ ጎን ቦታ ተሰጠው። ቡናው መጀመሪያ ለእሱ ተቀዳ። ሙፍሊህ ሲኒውን ተቀበለና ሳይቀምስ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሰው ሁሉ ወደ ሲኒው ዞረ። እንግዳ ሲኒውን መሬት ካስቀመጠ የሚለምነው ጉዳይ አለው። ጨዋ ባለቤት ደግሞ ጉዳዩን ሳይሰማ ይሰጣል፤ አስቀድሞ "ምንድን ነው?" ማለት ስስታምነት ነው። ሸህ ዳምን የመኪና ጥገና፣ ቢበዛ የልጅ ጋብቻ ነው ብለው ገምተው ፈገግ አሉ።

"ቡናህን ጠጣ፣ ልጄ። የመጣህበት ጉዳይ ሆኗል።"

"እርስዎን ያቆይልኝ። ጠራድ አንድ ነገር ይመልስልኝ፣ እዚሁ፣ ሰው ፊት። ፍሬን እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል አሁን ያውቃል። እናቴ የተሰበረች ቀንም እንዲህ ነበር?"

ሸህ ነውፋን እጅጌውን ጎተቱት። "አንተ ልጅ! ይቅር ብለናል እኮ!"

"እርስዎ ይቅር ብለዋል፣ አጎቴ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ፍሬን ነው።"

ሸህ ዳምን ፊታቸው ጠቆረ። ቃላቸው ወጥቷል፤ ይህ ሁሉ ሰው እያየ መልሰው ሊውጡት አይችሉም።

"መልስ" አሉ ጠራድን።

ጠራድ ወደ ድንኳኑ የጭስ ቀዳዳ አየ፣ ወደ ጫማው አየ። መውጫው ላይ ዘመዶቹ ለሙፍሊህ የሰቀሉት ነጭ ባንዲራ ይውለበለባል።

"አልነበረም" አለ። "ያን ቀን ፍሬኔ ደህና ነበር። እየገፋሁት ነበር። ለሳቅ።"

ያኔ ሊያማልዱ መጥተው የነበሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ከመጋረጃው ወዲያ ከዘራ መሬቱን ደበደበ።

"አልሰማሁም!" አለች ሐምዳ። "ጮክ በል፣ የኔ ልጅ!"

ጠራድ ጮክ ብሎ ደገመው።

"አሁንም አልሰማሁም!"

ሰምታ ነበር። ሙፍሊህ ሲኒውን አንሥቶ፣ ጠራድ ለሦስተኛ ጊዜ እስኪጀምር ይጠብቅ ጀመር።