የኢንጂነሩ ቁም ሣጥን

ቁም ሣጥኑ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወይ ፍንክች አለ። ሁለት ጫኝና አውራጆች ከላይ ይጎትታሉ፣ አለቃቸውና አንድ ባልደረባው ከታች ይገፋሉ፣ ከሁሉም በታች የሚጢጢ አክስት የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ትእዛዝ ትሰጣለች።

"ቀስ! መስታወቱን! ይሄ እኮ እንደ ዘንድሮ ዕቃ አይደለም!"

"እሱስ ያስታውቃል፣ እትዬ" አለ አለቃው ላቡን በክንዱ እየጠረገ። "የገረመኝ ክብደቱ ነው። ባዶ ነው አላሉም እንዴ?"

"ባዶ ነው። የድሮ እንጨት ስለሆነ ነው የሚከብደው።"

ሚጢጢ አራተኛው ፎቅ ላይ በሯን ከፍታ ቁልቁል ታያለች። የድሮ እንጨት የተባለው ጥጉ ተልጦ ሰጋቱራው ይራገፋል። የመስታወቱን ስንጥቅ ለመደበቅ ቀይ የጽጌረዳ ስቲከር ከላይ እስከ ታች ተለጥፎበታል። ይህን ዕቃ ከቤቷ አውጥታ መንገድ ላይ ብትጥለው የሚያነሳላት እንደማይኖር አክስቷም አሳምራ ታውቃለች። ለዚህ ነው ለወንድሟ ልጅ የሰጠችው።

ሚጢጢ ወደዚህ ከተማ በዝውውር ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የተከራየችው ቤት አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ጠባብ ሳሎን አለው፤ ሊፍት የለም፣ ውሃውም ሲያሻው ይመጣል ሲያሻው ይቀራል። ቢሆንም በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ያደገችው ስድስት ሆነው በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ኮሌጅ ስትገባ ዶርም፣ ሥራ ስትይዝ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አንድ ክፍል። የራሷን በር የቆለፈችው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው፣ እና ከዚህ የበለጠ ደስታ በሕይወቷ አታስታውስም። ዕቃውን ቀስ በቀስ ነበር የምታሟላው፦ መጀመሪያ ፍራሽ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከዚያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች። የዚህ ወር ተራ የመጋረጃው ነበር።

አክስቷ መጥታ ይህን ስታይ ደረቷን ደቃች። "የወንድሜ ልጅ መሬት ላይ ትተኛ? ሰው ምን ይለኛል!" አለች። ሴትዮዋ በዚህ ዓለም የምትፈራው ነገር ቢኖር ይህ ሰው የሚባለውን ብቻ ነው። የራሷ ሳሎን ውስጥ ሶፋዎቹ ከተገዙ ጀምሮ ፕላስቲካቸው አልወለቀም፤ እንግዳ ሲነሳ ሱሪው ተጣብቆ ይንጫጫል። ቡፌዋ በክሪስታል ብርጭቆ ተሞልቶ ለሰው ውሃ የምታቀርበው በፕላስቲክ ኩባያ ነው። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ዕቃ ስላስገባች አሮጌው መሄጃ አጥቶ ነበር፣ እና እግዜር ሚጢጢን ላከላት።

መጀመሪያ ካውያ ያቃጠለው ምንጣፍ መጣ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስፕሪንጉ ወጥቶ የሚቀመጥበትን ሰው የሚወጋ ተዘርጊ ሶፋ መጣ።

"ለእንግዳ ይሆንሻል" አለች አክስቷ።

"የምን እንግዳ?"

"እንግዳ አይጠፋም።"

ከዚያ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እየደወለች ቤቷን አሟላሁላት አለች። ሚጢጢን አባቷ ከአገር ቤት ደውሎ አክስትሽን በቅጡ አላመሰገንሽም ብሎ ተቆጣት። እሷም እንደ ልማዷ "እሺ" አለች። ሶፋውን የምትጠላውን ያህል ይህችን እሺ የምትል አፏንም ትጠላታለች።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!" አለ አለቃው።

ቁም ሣጥኑ ንቅንቅ አለና የሥሩ ጣውላ ዷ ብሎ ተገነጠለ። በመጀመሪያ ሁለት የክብደት ማንሻ ብረቶች ወርደው አንደኛው ደረጃውን ጓ! ጓ! እያለ ቁልቁል ተንከባለለ። አለቃው ዘሎ ባይሸሽ እግሩን ነበር። ቀጥሎ ኮቶች፣ ነጭ ስኒከር ጫማ፣ የፀጉር ቅባት፣ በመጨረሻም ከነልብሱ አንድ ትራስ ተዘረገፈ።

"ባዶ ያሉኝ ይሄ ነው፣ እትዬ?"

ይህን ጊዜ የአክስቷ ልጅ ከታች እየሮጠ መጣ። እስካሁን መግቢያው ጥላ ሥር ስልኩን ሲነካካ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ኢንጂነሩ ይባላል፤ በልጅነቱ ሬዲዮ ስለፈታ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ሬዲዮው እንደተፈታ ቀረ። ኮሌጁንም መምህራኑ ቀኑብኝ ብሎ ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦታል።

"ብረቶቼን! ቀስ በሏቸው!"

"አውጣቸው አላልኩህም?" አለች እናቱ ጥርሷን ነክሳ።

"ከባድ ናቸዋ፣ እማዬ! ተሸካሚ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ጫኝና አውራጆቹ ተያዩ። ጡንቻ ላወጣ ነው ብሎ ብረት የገዛ ሰው ብረቱን ከቁም ሣጥን ማውጣት ሲከብደው አይተው አያውቁም።

ሚጢጢ ደረጃውን ወርዳ ትራሱን አነሳች።

"ይሄ የማን ነው፣ አክስቴ?"

"ልነግርሽ እኮ ነበር የኔ ልጅ። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ሥራ እስኪያገኝ። የኛ ሰፈር ለመሀል ከተማ ይርቃል። ደግሞ አንቺም ብቻሽን ነሽ፣ ወንድ ያለበት ቤት ይከበራል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ሥራ የሚፈልገው?"

"በኔ ደረጃ ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም" አለ ኢንጂነሩ። "እንዳንቺ የሰው ሽንት መመርመር ቢሆን እስካሁን ይዤ ነበር። ለማንኛውም አታስቢ፣ መኝታ ክፍልሽን አልነካም። ሶፋው ይዘረጋል፣ ሳሎኑ ይበቃኛል።"

ሳሎኑ ይበቃኛል! ሚጢጢ ደሟ ፈላ። ምንጣፉም፣ ሶፋውም፣ ይህ ሰጋቱራም ለእሷ አልነበረም። ኢንጂነሩ ነው በየተራ እየተጫነ የገባው። ነገ ካልሲው ምድጃዋ ላይ ይደርቃል፣ ከሥራ ስትመለስ "ምን አለ የሚበላ?" ይላታል፣ እናቱ ደግሞ በፈለገች ሰዓት ልጄን ልይ ብላ ትመጣለች። ያም ሆኖ እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አክስቷ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀችም።

"በሉ አንሱ፣ እሺ ብላለች" አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ።

"አላልኩም።"

"ምን አልሽ?"

"እሺ አላልኩም፣ አክስቴ። አለቃ፣ ወደ ታች መልሱልኝ።"

አለቃው ራሱን አከከ። "ማውረድ ለብቻው ነው የሚታሰበው፣ እህቴ።"

"እከፍላለሁ። ምንጣፉም አለ፣ ሶፋውም አለ።"

"ያ ባለፈው ያወጣነው ሶፋ? እሱንስ በደስታ ነው የማወርደው፣ ክንዴን ወግቶኛል።"

"ሚጢጢ! አብደሻል? ሰው ምን ይለኛል? ምን ላይ ልትቀመጪ ነው?"

"ወንበር አለኝ።"

"ፕላስቲክ! ለአባትሽ ነው የምደውለው!"

"ይደውሉለት። የልጅዎን ትራስም ይንገሩት።"

አክስቷ ቦርሳዋን አቅፋ ቁልቁል ዞረች። ኢንጂነሩ ትራሱን ተቀብሎ ወረደ፤ ያን ቀን የተሸከመው ዕቃ ያ ብቻ ነበር።

የመጋረጃው ገንዘብ ለማውረጃ ሄደ። አለቃው ሒሳቡን ሊቀበል ሲወጣ አንዱን ብረት ይዞ መጣና በሩ ሥር አስቀመጠው። "ይቺ ጥግ ገብታ ተረስታለች። መኪናው ሄዷል" አለ።

ሚጢጢ ብቻዋን ስትቀር ወንበሯን ባዶው ሳሎን መሀል አድርጋ ተቀመጠች። ማዶ ያለው ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት በራቁቱ መስኮት ውስጥ ቁልጭ አድርጋ ታያታለች። አፈረች። አባቷ የሚላትንም ፈራች። ደስታዋ ግን ከሁለቱም ይበልጥ ነበር። ስልኳ ጮኸ።

"አንዱ ብረት ቀርቷል አለ" አለች አክስቷ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። "ነገ ጠዋት መጥቶ ይወስዳል። ቁርሱንም እዚያው ይበላል። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ወንድምሽ እኮ ነው።"

ሚጢጢ በሩ ሥር ያለውን ብረት አየችው።

"ዘበኛው ጋ ያገኘዋል፣ አክስቴ።"

"እንዴት አድርገሽ? አታነሺውም! ተይው፣ እሱ ራሱ ይወጣና..."

ስልኩን ዘጋችው። ብረቱን በሁለት እጇ አንስታ ሆዷ ላይ አስደግፋ መውረድ ጀመረች። ከባድ ነበር፤ በየፎቁ እያስቀመጠች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ነገ እስኪነጋ እንኳ እንዲያድር አልፈለገችም። ታች ስትደርስ ዘበኛው ደንግጦ ተቀበላት።

"ነገ የሚወስደው ሰው ይመጣል" አለችው።

"ወደ ላይ ልላከው?"

"አይ፣ ወደ ላይ አይላክ" አለችና ደረጃውን ተመልሳ ወጥታ በሯን ከውስጥ ቆለፈች።