ያልተሳበው ክንድ

ዝናው ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ታቅፎ፣ በሚስቱ ወንድም በደሳለኝ ተደግፎ እትዬ ኸሚስ ደጅ ሲደርስ የሰፈሩ ግማሽ ከኋላው ተከትሎ ነበር። በሐይቅ ከተማ ዙሪያ የወለቀም የተሰበረም የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። በወጌሻነት አርባ ዓመት ሆኗቸዋል።

ሰዉ አሠራራቸውን ይወደዋል። መጀመሪያ በሽተኛውን ይሰድቡታል። ሰውየው ሲስቅ ወይም ሲናደድ ሰውነቱ ይላላል፤ ያኔ ሳብ ያደርጉና «በቃ፣ ተነሥ» ይሉታል።

«አብሽር» አሉት ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው። «ለመሆኑ ዝንጀሮ ጠፍቶ ነው አንተ ዛፍ ላይ የወጣኸው?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ዝናውም ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፍኖ መሳቡን ጠበቀ።

እትዬ ኸሚስ ግን ክርኑን ሲዳስሱ አጥንቱ ከጣታቸው ሥር ተንቀጫቀጨ። የወለቀ ብቻ ቢሆን እንዲህ አይልም። የእጁን አንጓ ያዙ፤ የደም ሥሩ አይመታም። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነው ለቀቁት፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ መዳፉ ቀዝቅዟል።

«አልስበውም» አሉ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት።»

«እንዴ እትዬ!» አለ ደሳለኝ። «ሆስፒታል ከሄደማ ይቆርጡታል! የኑርዬን ልጅ እጅ አልቆረጡም?»

ይህ ወሬ ከተነሣ አራት ዓመቱ ነው። እትዬ ኸሚስ ሲወራ እየሰሙ አንድም ቀን አላረሙትም። አሁንም ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው የለም፤ ይህ ሰው ግን ሆስፒታል አይሄድም።

«የኑርዬን ልጅ እጅ የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቀርከሃውን አጥብቄ አሰርኩት። ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ ብለው ሲመጡ ‹አጥንቱ እየገጠመ ነው› ብዬ መለስኳቸው። ሐኪሞቹ ጋ ሲደርስ ጠቁሮ ነበር። እነሱ የቆረጡት የሞተውን ነው።»

ከሰዉ መሐል የነበረችው የኑርዬ እህት አሪፋ ፊቷን አዙራ ከግቢው ወጣች።

የእትዬ ኸሚስ ዓይን ተከትሏት ሄደ፤ እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። ክንዱን ሳያቃኑ፣ እንደ ታጠፈ፣ ከካርቶን የቀደዱትን ድጋፍ ከሥሩ አደረጉለት። ከክርኑ በላይና በታች በጨርቅ ላላ አድርገው አሰሩ። ጣቶቹን ሳይሸፍኑ ተዉና በሻሻቸው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉት።

«እዚያ በመርፌ ያስተኙት ይሆናል፤ እህልም ውሃም እንዳትሰጡት። መንገድ ላይ ‹ልየው› የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ እንዳታስነኩት።»

ደሳለኝ አሁንም አመነታ። ዝናው ግን የነጡትን ጣቶቹን አየ።

«ምን ይገትርሃል? ባጃጅ ጥራ!» አለው።

በማግሥቱ እትዬ ኸሚስ ደጅ ማንም አልመጣም። ከቀትር በኋላ ደሳለኝ ደወለ።

«አልተቆረጠም እትዬ! በብረት አሰሩለት። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ጫማቸውንም አደረጉ። የኑርዬ ቤት ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሱበታል።