የደጃፋችን ቱቦ

የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በፈረቃ ይመጣል፤ እሱም ከመጣ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ግን ፈረቃ አያውቅም። ሐምሌ ከገባ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ በመስኮት ደመናውን አያለሁ። ቤታችን ቀበና፣ ከአስፋልቱ ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቴ ሰላሙ ሳንባውን ታሞ ከሥራ ከወጣ ወዲህ እርጥበት ጠላቱ ሆኗል። ሐኪሙም አልደበቀንም፤ ዘንድሮም እንዳምናው እርጥብ ቤት ውስጥ ከተኛ የሚቀጥለውን ክረምት ላያይ ይችላል ብሎናል።

ውሃ በገባብን ቁጥር ሰላሙን ደግፈን የምንወስደው ፋዲላ ቤት ነው። ፋዲላ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእኛ በታች ወንዙ አፋፍ ላይ ከልጇ ከጀናን ጋር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ከእኛ በታች ሆና ቤቷ ደረቅ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል፤ ግን ቆም ብዬ አስቤበት አላውቅም። አልጋዋን ለሰላሙ ለቃ እሷ መሬት ትተኛለች። አንድም ቀን ፊቷ ሲጠቁር አላየሁም።

የሰፈራችን ሰው ቱቦ አይጠርግም እንዳይባል ይጠርጋል። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ግን እያንዳንዱ የሚጠርገው የራሱን ደጅ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ደለሉንና ፌስታሉን ገፋ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ይልካል፣ ጎረቤቱም ወደ ቀጣዩ። እኛ ደጅ ላይ ቱቦው መንገዱን በስር የሚያቋርጥበት አፍ አለ፤ የሁሉም ቆሻሻ እዚያ ይወተፋል፤ ጎርፉም መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤታችን ይዞራል። ከዚያ ሰዉ እጁን ታጥቦ፣ ተመራርቆ ይለያያል። ወረዳውን ስንጠይቅ በጀት ሲለቀቅ እንባላለን።

ዘንድሮ ግን መረረኝ። በየቤቱ እየዞርኩ ለመንኩ፣ ልመና ያልገባውን ተቆጣሁ። ጠረጋው ከታች ከእኛ ደጅ ይጀመር፣ ደለሉም ሽቅብ ተጭኖ አስፋልት ይውጣ አልኩ። ባለሱቁ ከበበ ደለል ዳገት ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኝ ሳቀብኝ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ሙሉ ደለል የተሸከመው እሱ ነው። ስንሸከም ዋልን። ወገቤ ለሳምንት አልቀና አለኝ፤ ቱቦው ግን ወለል ብሎ ተከፈተ።

ትልቁ ዝናብ የጣለው መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ነው። እንዴት ቀበና እንደደረስኩ አላውቅም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ የማስበው ሰላሙን ብቻ ነበር። በሩን ስከፍተው ወለሉ ደረቅ ነው። ሰላሙ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። መሬቱን በእጄ ዳሰስኩት፣ ደግሜ ዳሰስኩት፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። ስንት ዓመቴ ክረምት ሲገባ እንዲህ ከሳቅሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ለፋዲላ ልንገራት ብዬ ወጣሁ። የሷ ግቢ ጭቃና ውሃ ሞልቶታል። ቱቦው ከመንገዱ ማዶ የሚያበቃው ልክ ከአጥሯ ራስ ላይ ነው። ለካ ጎርፉ ይህን ሁሉ ዓመት እሷ ጋ ያልደረሰው እኛ ጋ እየገባ ስለቀረ ነው። አሁን የአጥሯን ግማሽ ወስዶታል፣ ከወንዙ ጋ ያለው የቤቷ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ልትሰፋው የተቀበለችው የሰው ጨርቅ፣ የስፌት መኪናዋ፣ ፍራሿ ጭቃ ውስጥ ነው። ጀናን ውሃውን በባልዲ እየቀዳች ታወጣለች። ፋዲላ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሙሌ፣ እናንተም ጋ ገባ? ሰላሙስ?»

ልዋሽ አሰብኩ። አፌ እምቢ አለኝ። «አልገባም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧ። «እኔ ለሱ ነበር የፈራሁት።»

ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷንና ልጇን፣ የተረፈውንም ዕቃ ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ቱቦውን እስከ ወንዙ ማስረዘም የወረዳው ሥራ ነው፤ የወረዳውን መልስ ደግሞ አውቀዋለሁ። ያ ግድግዳ ሁለተኛ ዝናብ አይችልም፣ ሰማዩም ገና አልጠራም። ማዳበሪያ ውስጥ ድንጋይ ሞላሁና አካፋውን አነሳሁ።

ሰላሙ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ቱቦውን ልዘጋ እንደሆነ ነገርኩት። ፋዲላ የነጠላዋን ጭቃ እያጠበች ነበር፣ አልሰማችንም። ሰላሙ ደረቁን ወለል አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሙሉ በሙሉ?»

«ግማሹን።»

«ግማሹ አይበቃትም» አለኝና፣ እያሳለ ተነስቶ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ።