ከፔዳሉ በፊት

ታናሽየው ያደረገውን ያደረገው አውቆ ነው። ባለማወቅ ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ወይ የዋህ ነው ወይ የጊታር ገመድ ነክቶ አያውቅም።

የሚጫወቱበት የሙዚቃ ባንድ መርከብ ላይ የመጫወት ውል ተገኝቶለት ነበር፤ መርከቡ የሚቀበለው ግን አንድ ጊታሪስት ብቻ ነው። ባንዱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቅየው ዋና ጊታሪስት፣ ታናሽየው አጃቢ። አለቃቸው ኪቦርድ ተጫዋቹ በዛሬው ልምምድ እወስናለሁ ቢልም፣ ማንን እንደሚወስድ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ታላቅየውን ሰው ሁሉ እጀ ወርቅ ይለዋል። ከእግሩ ሥር ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ፔዳል አለ። ሲረግጠው የጊታሩ ድምፅ ወፍሮ ይሻክራል፤ ጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ መቀነሻ በትንሿ ጣቱ ዞር ሲያደርጋት ደግሞ ያው ድምፅ ጥርት ብሎ ይለሰልሳል፣ አዳራሹም ጸጥ ይላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን እሱ አያውቅም። የገመድ ነገር ሲነሳ ራሱን ያመዋል፤ ሁሌም የሚሰካለት ታናሹ ነው።

ታናሽየው ግን አሳምሮ ያውቃል። ያ ፔዳል ቀናተኛ ነው፤ ጊታሩ በቀጥታ ወደ እሱ ካልገባ ያኮርፋል። መሃላቸው የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው ዕቃ ከተደነቀረ ድምፁ ይሳሳል፣ ይንጫረራል፣ ቢቀንሱለትም አይጠራም። የዚያን ቀን ደግሞ አለቃው ጊታሩ በሁለት አምፕሊፋየር እንዲወጣ ብሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የድምፅ ማከፋፈያ ገዝቶ መጣ። ቦታው ከፔዳሉ በኋላ ነው። ታናሽየው ከፔዳሉ በፊት ሰካውና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ዝግጁ ነው ጋሼ" አለ።

ታላቅየው ጀመረ። ድምፁ ቆርቆሮ ሲፋቅ ይመስላል። በትንሿ ጣቱ ቀነሰ፤ ያው ነው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ አቆመ፤ ሲደናገጥ ጭራሽ ዜማውን ሳተ። ከበሮ መቺው ቀና ብሎ ላለማየት የከበሮውን ብሎኖች ማጥበቅ ያዘ።

"ይቺ አዲሷ ዕቃ ትሆን እንዴ?" አለ ታላቅየው።

"እሷማ ማካፈል ብቻ ነው ሥራዋ ጋሼ። ምን ታደርጋለች?"

"እስቲ እንግዲያው አንተ ያዘው" አለ ታላቅየው ጊታሩን እያወረደ።

እዚህ ላይ መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። "ገመዱ ላልቶ እንዳይሆን ልየው" ብሎ ተንበረከከ፤ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ማከፋፈያውን ከፔዳሉ ኋላ አዛወረው። ተነሥቶ፣ የወንድሙን ጊታር አንግቶ፣ የወንድሙን ዜማ ተጫወተ። ድምፁ ወፈረ፤ ሲቀንሰው ጠራ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አለቃው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "በቃ፣ አንተ ትሄዳለህ" አለ ወደ ታናሽየው እያየ። ከዚያም ከከበሮ መቺው ጋር ተያይዘው ወጡ።

ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ። ታላቅየው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይዘረጋቸው ነበር። አንዱም አላመመውም፤ ያስፈራውም እሱ ነው።

"እጄ ነው ለካ" አለ። "ንገረኝ፣ ዛሬ ነው የጀመረው ወይስ ቆይቷል?"

ታናሽየው ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"ቆይቷል ጋሼ" አለ።

"ታውቅ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ።"

ታላቅየው ሆዱ ባባ። የወንድሙን ትከሻ ይዞ፣ "ሰው ፊት እንዳላፍር ብለህ ይህን ሁሉ ጊዜ ችለህ ኖርክ" አለው። "እንዳንተ ያለ ወንድም ለማንም አልተሰጠም።"