የሊቀመንበሩ ስጦታ

ሊቀመንበሩ በዕድሜው የምንም ነገር ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት የወንድምና የእህት ልጆቹ ናቸው፤ ሦስት ሰው በተቀመጠበት ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ስብሰባ ስለሚከፍት። ለእህቱ ልጅ፣ ለራጅ አንሺዋ፣ የቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ መስጠቱንም ያበሰረው እንዲያው ነበር፤ ዘመድ በሞላበት ሳሎን፣ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ።

«ስጦታ ነው! ብድር አይደለም። እኔ ለሥጋዬ ስሰጥ ወደኋላ አላይም።»

ተጨበጨበ። ሚስቱ ብቻ አላጨበጨቡም። መጋረጃ ሰፊ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲሄዱም ሥራቸውን ይዘው ስለሚሄዱ እጃቸው ባዶ አይገኝም።

ራጅ አንሺዋ የሰው አጥንት ስታይ የምትውል ናት፤ ሥጋ ብዙም አያታልላትም። ግን የዓመታት ቁጠባዋ የቅድመ ክፍያውን ግማሽ እንኳ አልሞላም፣ አከራይዋም «ክፍሉን ለልጄ እፈልገዋለሁ፣ ልቀቂልኝ» ብላታለች። ስለዚህ ተነሥታ አጎቷን አመሰገነች። አንቱታውም ምስጋናውም ከአፏ እንጂ ከልቧ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ ከገዢዋ በላይ ገዢ ሆነ። ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ ገፍቷት ገባ። ግድግዳውን በጡጫ አንኳኳ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል መሀል ቆመና፣

«ይሄ የኔ ነው» አለ። «ስመጣ የማርፍበት።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው። ምን ደክሞዎት ነው የሚያርፉት?»

«ታዲያስ? ሰው በገዛ ቤቱ...» አለና የቀረውን ዋጠው።

የውሉ ዕለት ራጅ አንሺዋ፣ ሊቀመንበሩና ሚስቱ ሦስቱም ባንክ ሄዱ። የብድር ሠራተኛው ድምፁ ከጉሮሮው የማያልፍ፣ ቀጭን ሰው ነው።

«ሻጩ ከዛሬ በኋላ አልጠብቅም ብለዋል» አለ። «የቀረን ሰጪው የሚፈርሙባት ወረቀት ብቻ ናት። ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ መልሱልኝ አልልም፣ በቤቱም ላይ ድርሻ የለኝም ትላለች።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «ይቺ የመጨረሻዋ ምን ማለት ናት?»

«ያው ያለችውን ማለት ናት።»

«ስጦታማ ስጦታ ነው፣ ማን ካደ? ግን በቤተሰብ መሀል ወረቀት ምን ይሠራል? ፍቅር በፊርማ ሆነ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ወደኋላ አላይም ብለው አልነበር? አንገትዎ እንዳይቀጭ።»

«አየህልኝ?» አለ ወደ ሠራተኛው ዞሮ። «አስተምረህ አስተምረህ ስድ ታተርፋለህ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ተጠጋ። «ያቺን ክፍል በስሜ አድርጊልኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ለራጅ አንሺዋ አከራይዋ በር ላይ ቆማ በሐሳቧ ታየቻት። ቀጥሎ ግን ሊቀመንበሩ በዚያች ፀሐያማ ክፍል ተጋድሞ፣ በየሳምንቱ ዘመድ እየሰበሰበ ሲያስጨበጭብባት ታያት።

«እንግዲያው ገንዘብዎን ይያዙ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

«ይቅርታ» አለ ሠራተኛው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ። «ለካ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልግም። ገንዘቡ የተላከው ከባለቤትዎ ሂሳብ ነው።»

«ያው ነው! ባልና ሚስት አንድ ነው!»

«ለባንኩ ሁለት ናችሁ።»

ራጅ አንሺዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስንት ቀን ሙሉ ስታመሰግን የከረመችው የተሳሳተ ሰው ኖሯል። አጥንት አያለሁ ባይዋ፣ መርፌ ይዘው ከጎኗ የተቀመጡትን ሴትዮ ሳታይ!

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት? ያን ዕለት ምነው ዝም አሉ?»

እትዬ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩ። «ጭብጨባ ይወዳል፣ ጭብጨባው ለሱ ይሁን ብዬ። ቤት ልጨምርለት ኖሯል እንዴ?» ብዕሩን ተቀብለው፣ መጋረጃ እንደሚለኩ ሁሉ ወረቀቱን በመዳፋቸው አስተካክለው ፈረሙ። «መጋረጃሽን እኔ እሰፋልሻለሁ። ቁልፍ ግን ለዚህ ሰውዬ እንዳትሰጪ።»

ሊቀመንበሩ ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። ሲደርሱበት ከባንኩ ጥበቃ ፊት ቆሟል፤ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ።

«ለእህቴ ልጅ ቤት ገዝቼላት መውጣቴ ነው» ይላል።

ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣለት።